«ዋይፋዬ የሰፈሩ ሆነ፤ ሳልጣላ እንዴት ላስመልሰው?»

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት አካባቢ ነው። ትልቋ ልጄ ዱባይ ትሠራለች፤ ሁለቱ ከእኔ ጋር ናቸው። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው ያለው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ለሁለት ልጃገረዶች አከራይቻለሁ። ዋይፋይ ያስገባነው የዛሬ ዓመት ነው። የገጠመልን ልጅ እንዳልረሳው ብሎ ፓስወርዱን የራሴን ስልክ ቁጥር አደረገልኝ። ተከራዮቹ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ጎረቤቴ ቡና ስንጠጣ ‹ልጄ በኢንተርኔት ይማራል፣ ካርድ ጨረሰብኝ› አለችኝ፤ ለእሷም ሰጠኋት። አሁን ማታ ማታ ምንም አይከፍትም። ዱባይ ያለችውን ልጄን በቪዲዮ ሳናግራት ምስሏ ደርቆ ይቀራል። መኝታ ቤት ጭራሽ አይደርስም። ባለፈው እሑድ ደግሞ የእህቴ ልጅ መጥቶ ስልኩ ላይ አየና ‹አክስቴ፣ ዋይፋይሽ ላይ 22 ዕቃ አለ› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስልኬ ላይ ባንክም ቴሌብርም አለ። ገንዘቤን ሊወስዱብኝ ይችላሉ? ጎረቤቴንስ ምን ብዬ ልከልክላት? ነገም ፊቷን ማየቴ አይቀርም።»
የልጆች እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦

ውድ የልጆች እናት፣

መጀመሪያ እንቅልፍዎን ልመልስልዎት። ጎረቤትዎ ዋይፋይዎ ውስጥ ስለገባች የባንክ ሒሳብዎ ውስጥ ገባች ማለት አይደለም። የባንክ መተግበሪያዎችም ሆኑ ቴሌብር ከስልክዎ የሚወጣውን መልእክት ቆልፈው ነው የሚልኩት። በሰም የታሸገ ፖስታ በሉት። ዋይፋይዎን የሚጋራ ሰው ፖስታው ወዴት እንደሄደ ያይ ይሆናል፤ ውስጡን ግን አያነብም። እኔ የሰው ገንዘብ ሄደ ሲባል የምሰማው በሌላ መንገድ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩን» ይላሉ፤ ሰውየው ይነግራቸዋል። ለዚህ ደግሞ ዋይፋይ አያስፈልግም። ራውተርዎን፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ ነቅለው ቢጥሉትም ያ ሰው መደወሉን አይተውም።

ስለዚህ ዛሬ ይተኙ። ሥራው ግን አለ። የሚያሳስበኝ እርስዎ ካነሱት የተለየ ነገር ስለሆነ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ 22ቱን እንቁጠር። የእርስዎ ስልክ፣ የሁለቱ ልጆች ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥኑ። አምስት። የተከራዮቹ ሁለት ስልክ፣ ሰባት። ጎረቤትዎ ቤት ደግሞ ልጁ ብቻውን አይጠቀምም፤ እናቱም፣ እህቱም፣ አባቱም ከሥራ ሲመጣ ይጠቀማሉ። አሥራ አንድ አልን። ባለቤትዎ ሲመጣ የሚገናኘው ስልክ አለ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳች ታብሌትም ትኖራለች፤ እኔ ቤት አንድ የማላውቀው ዕቃ ብዬ ሁለት ቀን ስፈልገው የነበረው ስክሪኑ የተሰነጠቀ የራሴ አሮጌ ስልክ ሆኖ ተገኝቷል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ራውተር መጥቶ የሄደውንም ሰው ከዝርዝሩ አያወጣም። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ፣ አንድሮይድ ከ10 ጀምሮ፣ አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ፣ ትክክለኛ የመለያ ቁጥራቸውን ደብቀው በሐሰት ቁጥር ነው የሚገቡት። ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም ሌላ ቁጥር ይሰጣሉ። ራውተርዎ ሁለት ስም ካለው፣ አንዱ ያለ ምንም፣ ሌላው መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ከሆነ፣ አንዱ ስልክ ሁለት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ 22 ዕቃ ማለት 22 ሰው አይደለም። ያም ሆኖ እርስዎ ከፈቀዱት በላይ ሰው መኖሩ አይቀርም።

እንዴት ገቡ? ልጆችዎን ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። የእርስዎን ስልክ ዋይፋይ ቦታ ይክፈቱና የተገናኘበትን ስም ይንኩ። «ሼር» የሚል አለ። ሲነኩት አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድ ይመጣል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ከሥሩ ፓስወርዱ በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል። አንድ ጊዜ የገባ ስልክ ሁሉ ቁልፉን አባዝቶ ማደል ይችላል ማለት ነው። የልጅዎ ጓደኛ ካሜራውን ደቅኖ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ለወንድሙ። ማንም ፓስወርድ አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ማንም ሌባ ነኝ ብሎ አያስብም።

በዚያ ላይ የእርስዎ ፓስወርድ ስልክ ቁጥር ነው። የገጠመልዎት ልጅ በቅንነት ነው ያደረገው፤ አልቆጣም። ግን ስልክ ቁጥርዎን የዕድሩ ጸሐፊም፣ የእቁቡ ዳኛም፣ የወተቱ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። የማያውቅዎትም ሰው ቢሆን አይቸገርም። ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ አጭር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ይህ ሰላምታ በአየር ላይ ስለሚያልፍ አጥር ሥር ላፕቶፕ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ይቀዳዋል። ፓስወርዱ ራሱ እዚያ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ግምት ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ነገር አለ። ቅጂውን ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ራውተርዎን መንካት አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ እዚያው ሲገምት ያድራል። የእኛ ሞባይል ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ 09 ወይም 07 ብሎ ስለሚጀምር የሚገመተው የቀረው 8 ነው። ለ09 100 ሚሊዮን፣ ለ07 100 ሚሊዮን፣ በድምሩ 200 ሚሊዮን አማራጭ። ብዙ ይመስላል። ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግን በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግምት ይሞክራል። አቦሉ ተቀድቶ በረካው ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ራውተርዎ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ ዋይፋዩን የሚከፍተው ነው፤ ስልክ ቁጥርዎ። ሌላው የራውተሩን ሆድ የሚከፍት ነው፤ ስሙን፣ ፓስወርዱን፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን ሁሉ የሚያዝዘው። ሁለተኛውን ቁልፍ ደብዳቤዎ ውስጥ አላነሱትም። ስለዚህ የምገምተው ከፋብሪካ እንደመጣ መሆኑን ነው። «አድሚን»፣ «አድሚን» ብሎ የሚከፈት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ራውተሩ ጀርባ ስቲከሩ ላይ ተጽፏል።

ዋይፋይዎ ውስጥ የገባ ሰው ይህንን በር ክፍት ካገኘው ነገሩ ይለወጣል። ራውተሩ የኢንተርኔት አድራሻ የሚጠይቅበትን ቦታ ቀይሮ፣ እርስዎ አንድ ገጽ እከፍታለሁ ሲሉ ወደ ሌላ ተመሳስሎ ወደተሠራ ገጽ ሊመራዎት ይችላል። የባንኩ መተግበሪያ ይህንን ያውቅና አልገናኝም ይላል። ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻው) ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳያነብ «ቀጥል» ማለት ይወዳል። ገጹ አስተማማኝ አይደለም የሚል ነገር ካዩ ይዝጉት፤ አይለፉት።

ይህ ተረት እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የሚባል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። ምንም ረቂቅ ጥበብ አልተጠቀመም። 60 ያህል የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ በዝርዝር ይዞ በር በር እያንኳኳ መሞከር ብቻ ነበር ሥራው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 እነዚያን ዕቃዎች አስተባብሮ ዳይን በተባለ፣ የድረ ገጾችን አድራሻ በሚያመላክት ድርጅት ላይ አዘመተ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። ኔት ዛሬ ቀርፋፋ ነው ብለው ይሆናል።

እና ሥራውን ከሁለተኛው ቁልፍ እንጀምር። የእህትዎን ልጅ ይጥሩት፤ ቆጥሮ አስደንግጦዎት ከሄደ መጥቶ ያግዝ። ራውተሩን ገልብጣችሁ ስቲከሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። እዚያ ላይ አንድ የቁጥር አድራሻ አለ። 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የተለመዱ ናቸው፤ አንዳንድ የፋይበር ሳጥን ላይ 192.168.100.1 ነው። በስልክ ወይም በላፕቶፕ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝታችሁ ቁጥሩን ብሮውዘሩ አናት ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ጻፉት። በስልክ ከሆነ የሞባይል ዳታውን አጥፉት፤ አለዚያ ስልኩ በሌላ በኩል ሊፈልገው ይሞክርና አላገኘሁም ይላል። ገጹ ሲመጣ ስቲከሩ ላይ ያለውን ስምና ፓስወርድ አስገቡ። ካልከፈተ የገጠመልዎትን ልጅ ደውለው ይጠይቁ፤ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። እሱም ካልተገኘ መሥመሩን ወደሰጠዎት ድርጅት ይደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ራውተሩ ጀርባ መርፌ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ «ሪሴት» የምትባል። እሷን አይንኩ። እኔ ነክቻታለሁ። ፓስወርድ ረስቼ፣ ኢንተርኔት ላይ «ተጫኑት፣ ይጠፋል» የሚል አንብቤ ተጫንኩት። እውነትም ጠፋ። ከፓስወርዱ ጋር ግን የመሥመሩ መለያም አብሮ ጠፋ። ያ መለያ ባለሙያው ሲገጥም ያስገባው ነው፤ እኔ ጋ የለም። አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየሁ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ፣ ያንን ሁለተኛ ቁልፍ፣ ቀይሩ። «አካውንት» ወይም «ሲስተም» ወይም «ማኔጅመንት» በሚል ሥር ታገኙታላችሁ። እዚያው አካባቢ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ካለ፣ ማለትም ራውተሩን ከቤት ውጭ ሆኖ መክፈት የሚያስችለው፣ ጠፍቶ ይቀመጥ። አንዳንዱ ቦታ ድርጅቱ ራሱ ስለሚቆልፈው አይታይም፤ ካልታየ ይለፉት።

ቀጥሎ «ዋየርለስ» ወይም «ዋይፋይ» የሚለው። ስሙን ይለውጡ። የቤተሰብ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የባለቤትዎ ስም አይሁን። መንገደኛ ሁሉ የሚያነበው ስለሆነ የማን ቤት እንደሆነ ባይነግረው ይሻላል። የእኔ ለሁለት ዓመት የቤት ቁጥሬ ነበር፤ ስመክር አፍራለሁ።

ሴኪዩሪቲ የሚለው ቦታ ላይ ዋይፋዩ የሚቆለፍበት ዘዴ ይመረጣል፤ ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ካለ እሱን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣ ነው። ከላይ የነገርኩዎት ሰላምታ ቀድቶ ቤት ሄዶ መገመት በእሱ ላይ አይሠራም። አሮጌ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን አልገናኝም ካለ 2ንና 3ን ያጣመረውን ይውሰዱ። ደብሊውፒኤ2 ብቻ ከሆነም ችግር የለውም፤ ፓስወርዱ ጠንካራ ይሁን እንጂ። ደብሊውኢፒ (WEP) የሚል ተመርጦ ካገኙ ግን ወዲያው ይቀይሩት። እሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚከፈት ያሳዩበት ነው፤ ዛሬ ለማንም ተማሪ የደቂቃዎች ጨዋታ ነው።

ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚል ደግሞ አለ። ፓስወርድ ሳይጻፍ በአንድ አዝራር ወይም በ8 አሃዝ ቁጥር የሚያገናኝ። ያጥፉት። ታሪኩ ያስቃል። 8 አሃዝ ሲባል ብዙ ሚሊዮን አማራጭ ይመስላል አይደል? ራውተሩ ግን ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ ለብቻ ይመልሳል። ከቀሩት አራቱ ደግሞ የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። ሁሉም ሲደመር 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ነው፤ አሁንም ብዙ ራውተር ላይ በርቶ ይመጣል።

አሁን ፓስወርዱ። ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ አይሞክሩ፤ መሥፈርቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው። ግን አማርኛ ይጠቅመናል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይምረጡ። ለምሳሌ ድንች፣ ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ ጎረምሳ። በላቲን ፊደል እርስዎ እንደሚጽፉት ይጻፉ። ለልጅዎ ቴክስት ሲልኩ የራስዎ አጻጻፍ የለዎትም? እሱን። አማርኛ በላቲን ሲጻፍ ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሚጽፈው ለገማች ኮምፒውተር ይከብደዋል። ለእርስዎ ደግሞ ለማስታወስ ይቀላል። የእኔን ምሳሌ ግን አይጠቀሙ፤ ይህን ዓምድ የሚያነበው ሰው ብዙ ነው።

ሲያስቀምጡት 22ቱም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ቴሌቪዥኑም የእርስዎም ስልክ ጭምር። አትደንግጡ፤ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አስገቡ። በዚህ ሰዓት የሚንኳኳውን በር ልብ ይበሉ። የማያውቁት ተጠቃሚ ማን እንደነበር ያን ቀን ያውቃሉ።

ስሙን ደብቁት፣ ወይም የተፈቀደላቸውን ስልኮች መለያ ቁጥር መዝግቡ የሚል ምክር ይሰሙ ይሆናል። እኔ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። የተደበቀን ስም የሚያነብ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የመለያ ቁጥሩን ደግሞ ስልኮቹ ራሳቸው እየቀያየሩት እንዴት ይመዘገባል? ባለቤትዎ ከክፍለ ሀገር በመጣ ቁጥር ራውተር ሲከፍቱ ሊኖሩ ነው።

እሺ፣ ጎረቤትዎ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ከባንኩ ይልቅ ይህ ነው የከበደዎት። እኔም ብሆን ይከብደኛል። አንድ ሰፈር ተኖሮ፣ ለቅሶ አብሮ ተደርሶ፣ «ዋይፋይ አልሰጥም» አይባልም። ልጁም ይማራል። ስለዚህ አይከልክሏት።

ራውተርዎ ላይ «ጌስት ኔትወርክ» የሚል ይፈልጉ። የእንግዳ ማለት ነው። ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስወርድ ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ከዚያው ራውተር ይወጣል። እንግዳው ኢንተርኔቱን ያገኛል፤ የእርስዎን ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ግን አያይም። ሳሎን ገብቶ ቡና ይጠጣል፣ ጓዳ አይገባም። አንዳንድ ራውተር ላይ ጌስት የሚል ቃል የለም፤ ኤስኤስአይዲ (SSID፣ የዋይፋይ ስም ማለት ነው) 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ይደረደራል። ሁለተኛውን ያብሩት፣ «አይሶሌሽን» (መለየት) የምትል ሳጥን ካለች ምልክት ያድርጉባት። ፍጥነት የሚገድብ ቦታ ካለም ለእንግዳው ትንሽ ይቀንሱለት። ማታ ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ ቅድሚያ የእርስዎ ይሁን እንጂ፤ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

ተከራዮቹም፣ ጎረቤትዎም በዚህ ይግቡ። ዋናው ፓስወርድ ከቤተሰብ አይውጣ። የእንግዳው ግን መባዛቱ አይቀርም፤ ያቺ ኪውአር ኮድ እዚያም አለች። መፍትሔው ወር በገባ ቁጥር፣ የኢንተርኔቱን ሒሳብ ሲከፍሉ መቀየር ነው። አምስት ደቂቃ ነው። አዲሱን መጥቶ የሚጠይቅ ያገኘዋል፤ ለመጠየቅ የሚያፍረው ደግሞ መጀመሪያም አልተጋበዘም ነበር።

ምን ብዬ ልንገራት ላሉት፣ እውነቱን ይንገሯት። «ፓስወርዱ ስልክ ቁጥሬ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው፤ 22 ዕቃ ገብቶበት ተገኘ። ቀየርኩት። ይኸው ለልጅሽ አዲሱ። ለሌላ እንዳይሰጥብኝ ንገሪልኝ።» ተጣላችኝ ብለው አይስጉ። እንዲያውም እሷ «ማን ነው እሱ?» ብላ ከእርስዎ በላይ ትቆጣለች።

ለተከራዮቹ ደግሞ በግልጽ ይነጋገሩ። ኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ በወር የሆነ ነገር ይጨምራሉ? ባለመነጋገር ነው ቅሬታ የሚመጣው። መሥመሩ በስምዎ መሆኑንም ይንገሯቸው። ያለ ፈቃድ የሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ቁልፉን በእጅዎ ከሰጡ ግን ፈቃድ ነው። ሰው በእርስዎ መሥመር ነውር ቢሠራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ወደ ቤትዎ ነው።

ምስሉ የሚደርቅበትና መኝታ ቤት የማይደርስበት ነገር ቀረ። ይህ ከፓስወርድ ጋር አይገናኝም፤ ወይም በከፊል ብቻ ነው የሚገናኘው። 22ቱ ሲወጡ ማታ ይቀልልዎት ይሆናል። ካልቀለለ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክተው፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው፣ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብልም ማታ ከወረደ ጥፋቱ የመሥመሩ ነው፤ ውጤቱን ፎቶ አንስተው ለድርጅቱ ያመልክቱ። በኬብል ደህና ሆኖ በአየር ካስቸገረ ግን ራውተሩ የተቀመጠበትን ቦታ እንመልከት።

እስቲ ልገምት። ኬብሉ በበሩ በኩል ገብቶ፣ ራውተሩ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። ተሳሳትኩ? ብዙ ቤት ያየሁት እንደዚያ ነው። ቴሌቪዥኑ ብረት ነው፣ ቡፌው መስታወት አለው፣ ሁለቱም የዋይፋዩን ሞገድ ይመልሱታል። ዳንቴሉ ደግሞ ያሞቀዋል። ራውተር ሲሞቅ ይሰንፋል።

ከቡፌው ያውጡትና ከፍ ያለ ቦታ፣ ወደ ቤቱ መሐል፣ በኮሪደሩ በኩል ያድርጉት። ማይክሮዌቭ አጠገብ አይሁን፤ ማይክሮዌቭም ዋይፋይም 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው የሚሠሩት፣ ወጥ ሲሞቅ ኔት ይሞታል። ያ 2.4 የሚባለው ግድግዳ በደንብ ያልፋል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ጎረቤቶችም ሁሉ እሱ ላይ ስለሆኑ ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ፈጣን ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ ግን ያደክመዋል፣ አርማታ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ ሳሎን ይሁኑና 5 ላይ ይግቡ። መኝታ ቤት 2.4 ይበቃል። ሰርቪሱ ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮው ራሱ ማገጃ ነው፤ ተከራዮቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልክ የሚነኩት ለዚያ ይሆናል።

መኝታ ቤቱ አሁንም እምቢ ካለ ሱቅ ሄደው ርካሽ ማራዘሚያ ከመግዛትዎ በፊት ያስቡበት። ርካሹ ማራዘሚያ በአንድ ሬዲዮ ይቀበላል፣ በዚያው ሬዲዮ ይልካል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። እኔ የምመርጠው ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ከራውተሩ ወደ መኝታ ቤቱ በግድግዳው ጥግ ያስጎትቱና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር ያስገጥሙ። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ይረሱታል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ይንቀሉት። ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና ያቃጥለዋል። ለራውተር የምትሆን ትንሽ ባትሪ ብትገዙ ደግሞ ይሻላል፤ መብራት ጠፍቶም መሥመሩ ካለ ይሠራል።

የዋናውን ዋይፋይና የራውተሩን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፈው የቤቱ ካርታ ካለበት ፌስታል ውስጥ ያስቀምጡት። ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚሉዎትን አይስሙ፤ ካርታ የሚሰርቅ ሌባ ለዋይፋይ አይመጣም። የሚረሳ ሰው ግን ያቺን ቀዳዳ ይጫናል።

ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ያድርጉት።